የያሬድ ትዕግሥት

ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ተወለደ። አባቱም በሞተ ጊዜ እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው ይባላል። ነገር ግን ትምህርት አልገባ አለው፤ ባልንጀሮቹ ይዘብቱበት፥ መምህሩም ይገሥጸውና ይገርፈው ነበር። ስለዚህ ተስፋ ቈርጦ ኰበለለ።

ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ፍሬ ሊበላ በግንዱ ሲወጣ አየ። ትሉ 6 ጊዜ ወደቀ፤ በ7ኛው ግን ደረሰ። ያሬድም የጐደለው ትዕግሥት እንጂ አእምሮ አለመሆኑን ዐወቀ።

ወደ መምህሩ ተመልሶ ይቅርታ ለመነ፤ ተግሣጹንም በትሕትና ተቀበለ። ከዚያም ተምሮ ሊቅ ሆነ፤ የደረሰው ዜማ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ይዜማል።

የገሱባ ልጆች ሆይ፥ ንባብ ቢያስቸግራችሁ አትሽሹ። መምህር ስሕተትን የሚያሳየው ተማሪውን ንቆ አይደለም፤ እንዲታረም ወድዶ ነው።