ጄምስ ብሩስና የጣና ዳር ቋንቋዎች

ጄምስ ብሩስ በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በምትባል ስፍራ በ1730 ዓመት ተወለደ። በዚህ ንባብ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ሞተችበት። አድጎም ሚስት አገባ፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላቸው እርስዋም በፓሪስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተች። በ1763 ዓመት በአልጄርስ የመንግሥቱ ቆንስል ሆነ። ወደ አገራችን ከመምጣቱም አስቀድሞ ዐረብኛና ግዕዝ ተማረ።

ቁመቱ እጅግ ረጅም፥ ጠጕሩም ቀይ ነበረ። በ1769 ዓመት በመስከረም ወር ወደ ምጽዋ ደረሰ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በየካቲት ጐንደር ገባ። በዚያ ወራት በጐንደር ፈንጣጣ ገብቶ የመኳንንቱ ልጆች ታመው ነበር። ብሩስ ጥቂት ሕክምና ያውቅ ነበርና፥ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት በቍስቋም ተቀምጦ ሕሙማንን ጠበቀ፤ መስኮቱንና ደጁን አስከፈተ፥ ቤቱንም አሳጠነ። ስለዚህ በቤተ መንግሥት ተወደደ። ስሙም ያዕቆብ ተባለ፤ ጄምስና ያዕቆብ አንድ ስም ነውና።

የመጣበት ዋናው ምክንያት የዓባይን ምንጭ ለማየት ነበረ። በጣና ዳር አልፎ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አየ፤ በ1770 ዓመትም ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከአውሮፓ ሰዎች ቀድሞ ወደ ምንጩ የደረሰ እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ጻፈ፤ ነገር ግን አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618 ዓመት ምንጩን አይቶ ነበር። ብሩስ ይህን ለማመን እንቢ አለ፤ ክብርን አብዝቶ የሚወድ ሰው ነበረና።

ይሁን እንጂ ማንም ብዙ ያላሰበው ሌላ ሥራ ሠራ። ልጆች ሆይ፥ በዚያ ዘመን በጣና ዙሪያና ከጣና በታች የሚነገረው አማርኛ ብቻ አልነበረም። በዳሞት በኩል አገውና ጋፋት ነበሩ፤ ሁሉም በየቋንቋቸው ይናገሩ ነበር። ብሩስ የሰሎሞንን መኃልየ መኃልይ መረጠ፤ መጽሐፉ አጭር ነው፤ ስለ ቤት፥ ስለ አትክልት፥ ስለ መንጋና ስለ ሰው አካል የሚናገር ስለ ሆነ ብዙ ቃል ይገኝበታል። ይህንም መጽሐፍ በአማርኛ፥ በጋፋትኛ፥ በዳሞት አገው፥ በላስታ በኩል ባሉት አገዎች፥ በቤተ እስራኤልና በኦሮሞ ቋንቋ አስተረጐመ። ቋንቋቸው ከዚያ በፊት በብራና ያልተጻፈላቸው ሰዎች ንግግር በፊደላችን ተጻፈ። ይህ በብዙ ድካም የተፈጸመ ነገር ነው።

በጣና ዳር ግን አንድ ቋንቋ አመለጠው። በባሕሩ ዳር የሚኖሩ የወይጦ ሰዎች ጉማሬ እያደኑ ይኖሩ ነበር፤ ከደንገልም ታንኳ ይሠሩ ነበር። ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ጎረቤቶቻቸው ይንቋቸው ነበር። ብሩስ ቋንቋቸው ከሌላው ሁሉ የተለየ እንደ ሆነ ሰማና ለመስማት እጅግ ፈለገ። ንጉሡንም ለመነ፤ ንጉሡም ሁለት የወይጦ ሰዎች አስጠራ። እነርሱ በታላላቆች ፊት ቆመው ተጠየቁ፤ አንድም አልመለሱም፤ የሚባለውንም ያወቁት አይመስሉም ነበር። እንሰቅላችኋለን ተብለው ቢያስፈራሯቸው እንኳ ዝም አሉ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ እጅግ አዘንሁ። በገመድ እያስፈራራ የእናትህን ቋንቋ ንገረኝ ለሚል ማን አፉን ይከፍታል? እነዚያ ምስኪኖች ስለ ምን እንደ ተጠሩ እንኳ ያወቁ አይመስለኝም። በታንኳቸው ዳር ተቀምጦ ዓሣቸውን እየበላ ቢጠይቃቸው ኖሮ ምናልባት ይነግሩት ነበር። ጋፋትኛው የተጻፈው ዐዋቂ ሰው ተቀምጦ ስለ ተረጐመለት ነው።

ብሩስ በ1771 ዓመት መጨረሻ ከጐንደር ተነሣ። ከአገራችን የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል መጽሐፈ ሄኖክ አለ። በ1774 ዓመት ለንደን ገብቶ ያየውን ቢናገር ሰዎች ሳቁበት፤ በኢትዮጵያ ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱን እንደ ተረት ቈጠሩት። ተቈጥቶም ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ በመጨረሻ በ1790 ዓመት የጕዞውን ታሪክ በአምስት ክፍል አሳተመ። ከአራት ዓመት በኋላ እንግዳ ለመሸኘት ሲወጣ በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በረሃና ጦርነት ያልጐዳውን ሰው ደረጃ ገደለው።

የጋፋትኛው መኃልይ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቈየ። ዎልፍ ሌስላው የተባለ ሊቅ ያንን ጽሑፍ መርምሮ በ1945 ዓመት መጽሐፍ አወጣ። በ1947 ዓመትም ራሱ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ጋፋትኛ የሚናገር ሰው ፈለገ፤ ከብዙ ድካም በኋላ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ዛሬ የሚናገረው የለም፤ የተጻፈው ግን ይነበባል።

ከብሩስ በኋላ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ሚትቮኽ የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1907 ዓመት ስለ ወይጦ ሰዎች ጻፈ፤ በዚያን ጊዜ ሁሉም የሚናገሩት አማርኛ ነበር። ከእርሱም ኋላ የመጡት ጥቂት ቃላት ለቀሙ፤ የሚበዙትም አማርኛና ዐረብኛ ሆነው ተገኙ። በባሕር ዳር አጠገብ ዛሬም የወይጦ ሰዎች አሉ፤ ደንገል እያጨዱ ታንኳ ይሠራሉ፥ ልጆቻቸውንም በአማርኛ ይጠራሉ።