ቦቢ ድሪስኮል፦ የአንድ ሕፃን ተዋናይ የሙያ ጉዞ

በሲኒማ ታሪክ ውስጥ በልጅነታቸው ስማቸው ገንኖ ለአካለ መጠን ሲደርሱ የተረሱ ተዋንያን ጥቂት አይደሉም። የአብዛኞቹ ታሪክ የሚነገረው ከፍጻሜው ተነሥቶ በመሆኑ ሥራቸው በመጨረሻ በደረሰባቸው መከራ ተሸፍኖ ይቀራል። አሜሪካዊው የፊልምና የድምፅ ተዋናይ ቦቢ ድሪስኮልም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ስለ አሟሟቱ ብዙ ተወርቷል፤ ከስድስት እስከ ዐሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜው ድረስ ያበረከተው የጥበብ ሥራ ግን ራሱን ችሎ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ሙሉ ስሙ ሮበርት ክሊተስ ድሪስኮል ሲሆን የተወለደው ማርች 3 ቀን 1937 በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ በሲዳር ራፒድስ ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለወላጆቹ ብቸኛ ልጅ ነበር። አባቱ ቤትን ከብርድና ከሙቀት የሚከላከሉ ዕቃዎች ሻጭ፣ እናቱም ቀድሞ አስተማሪ ነበሩ። አባትየው ከሥራቸው ጠባይ የተነሣ ስለታመሙ ሐኪም አየር እንዲለውጡ መከራቸው፤ በ1943 ቤተሰቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። የልጁን ቅልጥፍና የተመለከተ አንድ ጸጉር ቆራጭ ወላጆቹ ወደ ፊልም ሥራ እንዲያስገቡት መከረ። በዚህም ምክንያት ቦቢ በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ስቱዲዮ ለፈተና ቀረበ። በግቢው ውስጥ በደረቅ መሬት ላይ የቆመ ሰው ሠራሽ መርከብ አይቶ ውሃው የት እንዳለ በመጠየቁ ዲሬክተሩ በንቃቱ እንደተደሰተ ይተረካል። «ሎስት ኤንጅል» በተባለው ፊልም የተሰጠችው ሚና እጅግ አነስተኛ ብትሆንም በር ከፋች ሆነችለት።

በ1944 በወጣው «ዘ ሱሊቫንስ» ደግሞ በትውልድ ክፍለ ግዛቱ በአዮዋ ተወልደው በ1942 በአንድ የጦር መርከብ ላይ አብረው ካለቁት አምስት ወንድማማቾች የመጨረሻውን፣ በልጅነት ዕድሜው፣ ሆኖ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ስቱዲዮዎች በትንንሽ ሚናዎች ሲሠራ ቆይቶ በ1946 የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ በውል ቀጠረው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሥዕል ፊልሞች የታወቀው ይህ ኩባንያ በቋሚ ውል ከያዛቸው ተዋንያን የመጀመሪያዎቹ ቦቢና አብራው የተሠለፈችው ሕፃን ሉአና ፓተን ነበሩ።

የመጀመሪያው ሥራቸው «ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ» በሕይወት ያሉ ተዋንያንን ከሥዕል እንስሳት ጋር ያጣመረ ነበር። ፊልሙ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የነበረውን የጥቁሮች ኑሮ አሳምሮ በማቅረቡ ገና ከመውጣቱ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል። በሙያ ረገድ ግን ዋናውን ሚና ከያዘው ከጄምስ ባስኬት ጎን ቦቢ ያሳየው አድማጭነት የሚደነቅ ነበር። አንድ ሕፃን የሚሰማውን ተረት በፊቱ ላይ ማስነበብ መቻሉ ቃል ከመሸምደድ የሚበልጥ ችሎታ ነው።

ይህ ችሎታው ይበልጥ የታየው ግን ለአር ኬ ኦ ኩባንያ በውሰት ተሰጥቶ በተጫወተበት «ዘ ዊንዶው» በተባለው ፊልም ነው። በ1949 ለሕዝብ የቀረበውን ይህን ፊልም ያዘጋጀው ቀድሞ በካሜራ ባለሙያነት የታወቀው ቴድ ቴትዝላፍ ነበር። ባለ ታሪኩ በኒው ዮርክ የድሆች ሰፈር የሚኖር፣ ተረት መፍጠር የሚወድ ልጅ ነው። አንድ ሌሊት ጎረቤቶቹ ሰው ሲገድሉ ያያል፤ ቢናገርም በውሸታምነቱ ስለሚታወቅ ወላጆቹም ሆኑ ፖሊሶች አያምኑትም፤ ገዳዮቹ ብቻ እውነቱን መናገሩን ያውቃሉ። የፊልሙ ክብደት በሙሉ ያረፈው በዚህ ልጅ ፍርሃት ላይ ነው። ቦቢም ፍርሃቱን በጩኸት ሳይሆን በታፈነ ትንፋሽና በዓይን እንቅስቃሴ ገለጸው። ማርች 23 ቀን 1950 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የ1949 ምርጥ ሕፃን ተዋናይ በማለት ልዩ የኦስካር ሽልማት ሰጠው። በዚያው ዘመን «ሶ ዲር ቱ ማይ ሃርት» በተባለው ፊልም አንድ ጥቁር የበግ ግልገል የሚያሳድግ የገጠር ልጅ ሆኖ መጫወቱም ለክብሩ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ቀጥሎ የመጣው «ትሬዠር አይላንድ» ነው። ኩባንያው ከጦርነቱ በኋላ ከእንግሊዝ አገር ሊወጣ ያልተፈቀደለትን ገንዘቡን እዚያው ሥራ ላይ ለማዋል ሲል በ1949 ፊልሙን በዚያ አነሣ። ከሥዕል ጋር ያልተቀላቀለ የመጀመሪያው የዲዝኒ ፊልምም ይኸው ነው። ቦቢ ጂም ሆኪንስን ሆኖ ከታላቁ እንግሊዛዊ ተዋናይ ከሮበርት ኒውተን ጋር ተሠለፈ። ነገር ግን ለዕድሜው የሚያስፈልገው የሥራ ፈቃድ ስላልነበረው ጉዳዩ በፍርድ ቤት ታይቶ መቀጫ ተወሰነ፤ ልጁም አገሩን እንዲለቅ ታዘዘ። ይግባኝ እስኪታይ በተገኘው ጊዜ ውስጥ ዲሬክተሩ ባይረን ሃስኪን የልጁን የቅርብ ምስሎች በጥድፊያ አነሣ። በተመልካች ዘንድ የተወደደው ያ የተረጋጋ ትወና እንዲህ ባለ ጭንቀት መካከል የተሠራ ነበር።

የድምፅ ትወናውን ያስመሰከረበት ሥራ ግን ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1953 የወጣው «ፒተር ፓን» ነው። ከ1904 ጀምሮ በመድረክ ላይ ይህን የማያድግ ልጅ ሆነው መጫወት ልማዳቸው የነበረው ሴቶች ነበሩ። ዲዝኒ ልማዱን ትቶ ሚናውን ለወንድ ልጅ ሰጠ። ቦቢ ድምፁን ከመስጠቱም በላይ፣ ሠዓሊዎቹ እንቅስቃሴውንና የፊቱን ለውጥ እያዩ እንዲሥሉ፣ በካሜራ ፊት ተጫውቶላቸዋል። በድምፁ ውስጥ ያለው የልጅ ትምክህትና ድንገተኛ ቅያሜ ዛሬም ፊልሙን ለሚሰማ ሁሉ ግልጽ ነው።

ፊልሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በማርች 1953፣ የዲዝኒ ውሉ ተቋረጠ። ልጁ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ የጉርምስና ብጉር ፊቱን አበላሽቶት ስለነበር ለካሜራ ፊት ሥራ መመረጥ አስቸጋሪ ሆነበት። በትምህርት ቤትም የቀድሞ ዝናው መሳለቂያ አደረገው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ጭብጨባው ሳይታወቀው ከሌሎች ልጆች ለይቶ ወስዶት ነበር። ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን አልፎ አልፎ ሠራ፤ የመጨረሻው የሆሊውድ ፊልሙም በ1958 ወጣ። በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተይዞ በ1961 ለሕክምና ወደ ቺኖ ማረሚያ ቤት ተላከ። በ1965 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በሥዕልና በቅንብር ጥበብ ሞከረ። ማርች 30 ቀን 1968 አስከሬኑ በአንድ ወና ሕንፃ ውስጥ ተገኘ። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነበር። ማንነቱን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች በሚቀበሩበት በሃርት ደሴት ተቀበረ። እናቱ ባደረጉት ፍለጋ በጣት አሻራው የታወቀው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በ1939 ሕፃናት ተዋንያን ከሚያገኙት ገንዘብ ከፊሉ እንዲጠበቅላቸው የሚያስችል ሕግ አውጥቶ ነበር። ሆኖም ያ ሕግ የሚመለከተው ገቢን እንጂ ከውል መቋረጥ በኋላ የሚመጣውን ኑሮ አልነበረም። ሕፃንን ለካሜራና ለማይክሮፎን የሚያቀርብ የሙያ ሰው ሁሉ የልጁ ድምፅ እንደሚጎረንን፣ ፊቱም እንደሚለወጥ አስቀድሞ ያውቃል። እንግዲያስ ልጁን ለዚያ ቀን ማዘጋጀት የሥራው ክፍል እንጂ ትርፍ ቸርነት ሊሆን አይገባም።