ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የድሬዳዋ ጉምሩክ

ስለ አገራችን ሀብት አስተዳደር በአማርኛ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. ግድም በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በመተማው ጦርነት ሞቱ። በልጅነታቸው ምጽዋ ላይ የቆመ መርከብ ለማየት ገብተው ሳለ መርከቡ ይዟቸው ሄደ ይባላል፤ ነገሩ እንዴትም ይሁን፣ አውሮፓን አይተው፣ ጀርመንኛ ተምረው ተመለሱ። አጤ ምኒልክ ሲታመሙም ከጀርመን ለመጡት ሐኪሞች አስተርጓሚ ሆኑ። በ1904 ዓ.ም. ስለ አጤ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ጽሑፍ አሥመራ ላይ ታተመ። ከዚያ ወዲያ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ የመጨረሻው ሹመታቸው ነው። ድሬዳዋ የጅቡቲ ባቡር ዕቃ የሚራገፍባት ከተማ ነበረች። የዚያ ባቡር ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለ99 ዓመት የተሰጠ ነው። በጥር 1900 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ ከአጤ ምኒልክ ጋር አንድ ውል ተፈራረመ። በዚህ ውል መሠረት ከፈረንሳይ ዕቃ የሚወሰደው ቀረጥ ከመቶ 10፣ ከወይን ጠጅና ከመሰሉት መጠጦች ከመቶ 8 እንዳያልፍ ተወሰነ። ፈረንሳዊ ቢከሰስም እንደ ሌላው ሰው በአገሩ ዳኛ ፊት አይቆምም፤ የቆንስሉ እጅ በነገሩ ይገባበታል። ሌሎቹ መንግሥታትም ያንኑ መብት ለራሳቸው ጠየቁ። ምኒልክ አላወቁም ለማለት አንደፍርም፤ የጦር መሣሪያ በጅቡቲ ማሳለፍ ያስፈልጋቸው ነበርና።

እንግዲህ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በዚያ በር ላይ የተቀመጡት ቀረጡን ከፍ የማድረግ ሥልጣን ሳይኖራቸው ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ ትርፉ ወደ አንድ ወገን እንደሚያጋድል፣ ባቡርም ብቻውን አገርን እንደማያበለጽግ የጻፉት ይህን የመሰለውን ንግድ በቅርብ ያዩ ሰው ናቸው። ባዕድን ይጠሉ ነበር የሚል ካለ መጽሐፋቸውን አላነበበም፤ የአውሮፓን ትምህርት እንደርሳቸው የወደደ ጥቂት ነው።

ከመካከላችን ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ የመጣን አለን። የፋብሪካ አጥር ሲታጠር፣ የቀረጥ ምሕረት ለስንት ዓመት እንደተሰጠ፣ ክርክር ቢነሣ ዳኛው የት እንደሚቀመጥ፣ ገበሬው ለመሬቱ ምን እንዳገኘ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። አገራችን በ1995 ዓ.ም. ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ካመለከተች ወዲህም የተነሡት ክርክሮች የዚያ የድሬዳዋ ጉምሩክ ዘመዶች ናቸው። አንድ ውል ገንዘብ ማምጣቱን ብቻ አይቶ የሚያጨበጭብ፣ ውል የተባለውንም ሁሉ የሚያወግዝ፣ ሁለቱም አንቀጹን አላነበቡም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ገና 33 ዓመት ገደማ ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ። የክሎቡኮቭስኪ ውል ያን ጊዜም ገና ይሠራበት ነበር።