የጫማ ሠሪው ልጅና የማብሪያው ፕላስቲክ

ሲሪንቃም ሆነ ወልድያ፣ ማታ ማብሪያ ስንጫን ጣታችንን ከኤሌክትሪኩ የሚለየው ስስ ፕላስቲክ ነው። ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነውን የመጀመሪያውን ፕላስቲክ የሠራው ሊዮ ቤክላንድ በ1863 (እ.ኤ.አ.) ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ፣ ከጫማ ሠሪ አባት ተወለደ። ገና በ21 ዓመቱ ዶክተር ሆነ። ኋላ አሜሪካ ገብቶ የፎቶግራፍ ወረቀት ፈለሰፈ፤ ሸጦም ከበርቴ ሆነ። ታዲያ መች አርፎ ተቀመጠ!

ያኔ ለኤሌክትሪክ መከለያ ከሚያገለግሉት አንዱ አናጢዎቻችን ጎማላካ የሚሉት፣ በህንድ አገር ከነፍሳት የሚሰበሰበው ሙጫ ነበር። ፈላጊው ሲበዛ አልበቃ አለ። ቤክላንድ በ1907 ፌኖልንና ፎርማልዴሃይድን በሙቀትና በግፊት አዋህዶ ባክላይትን አወጣ። አንዴ በቅርጽ ማውጫው ከጠነከረ ሙቀት መልሶ አያቀልጠውም።

ግን መጠንከሩ ብቻ ምን ያደርጋል? መፈተን አለበት። ቁራጩን እርጥበት ውስጥ ያቆዩታል፤ ከዚያ በሁለት ብረቶች መካከል አድርገው፣ ኤሌክትሪኩ በስቶት እስኪያልፍ ቮልቱን ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። ባክላይት እዚህ ላይ ጉድ አለበት፦ የሚቀላቀልበት የእንጨት ዱቄት ውሃ ይስባል፤ ብልጭታ ሲደጋገምበትም ፊቱ ላይ የከሰል መስመር ይሠራና ኤሌክትሪኩ በዚያው ይሾልካል። የጠቆረ ሶኬት መንካት የሌለብን ለዚሁ ነው።

ቤክላንድ በ1944 አሜሪካ ውስጥ ሞተ። ባክላይቱ ዛሬም የድስት እጀታ ይሆናል።