ከጠመንጃ ወደ ካሜራ፦ ጆርጅ ሻይረስና የሌሊት አራዊት ፎቶግራፍ

ጆርጅ ሻይረስ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1859 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ከ1892 እስከ 1903 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር፤ ልጁም በዬል ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። ስሙን ያስጠራው ግን የሕግ ሙያው ሳይሆን በሚሺጋን ግዛት፣ በማርኬት ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው በኋይትፊሽ ሐይቅ ዳር ያሳለፋቸው ሌሊቶች ናቸው።

ወደዚህ ሐይቅ መጀመሪያ የሄደው በልጅነቱ፣ ለአደን ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኦጂብዌዎች በታንኳ ፊት እሳት አንድደው ከጨለማው ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ ይቀዝፋሉ። ውኃ ለመጠጣት ወይም የውኃ ተክል ለመመገብ የወረደ አጋዘን በብርሃኑ ተማርኮ ቆሞ ያያል፤ ከብርሃኑ በስተጀርባ ያለው አዳኝ አይታየውም፤ በጨለማው የሚያበሩት ዓይኖቹ ግን ለአዳኙ ዒላማ ይሆናሉ። ብርሃን ራሱ መደበቂያ መሆኑ የዘዴው ምሥጢር ነው። የሻይረስ ፎቶግራፍ ሁሉ የቆመው በዚህ ዕውቀት ላይ በመሆኑ፣ ለእርሱ በሚሰጠው ምስጋና ውስጥ የኦጂብዌዎች ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1880ዎቹ ዓመታት ጠመንጃውን በካሜራ ተካ። በቀን ከውኃው ዳር አድፍጦ እንስሳቱ እስኪመጡ መጠበቅ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አጋዘን በብዛት ወደ ውኃ የሚወርደው በሌሊት ነው። ስለዚህ ከ1889 ገደማ ጀምሮ በማግኒዝየም ዱቄት ብልጭታ መሞከር ያዘ። ዱቄቱ ሲቀጣጠል ጭሱና ድንገተኛ ብርሃኑ እንስሳውንም ባለ ካሜራውንም ለጊዜው ያሳውራል፤ አደጋም ነበረው። ቆይቶ ሁለት ካሜራ በማዘጋጀት፣ በመጀመሪያው ብልጭታ የቆመውን አጋዘን፣ በሁለተኛው ደግሞ ደንግጦ ሲዘል ለማንሣት በቃ። ድንጋጤው ራሱ የሥዕሉ አካል ሆነ ማለት ነው። ካሜራው እንስሳውን ከሞት ቢያድነውም ከፍርሃት አላዳነውም።

ሌላው ዘዴው ሰው የማያስፈልገው መደበቂያ ነበር፤ ከመተላለፊያ መንገድ ላይ ወይም ከመሳቢያ ምግብ ጋር ቀጭን ገመድ ታስሮ፣ እንስሳው ሲነካው ካሜራውና ብልጭታው በአንድነት ይሠራሉ። ዛሬ ተመራማሪዎች በየጫካው የሚተክሏቸው ራሳቸውን የሚያስነሡ ካሜራዎች የዚህ አሳብ ተከታዮች ናቸው።

በሐምሌ 1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ፎቶግራፎቹን በአንድ እትም አወጣ። አንባቢው በደስታ ተቀበለው፤ ሁለት የማኅበሩ የቦርድ አባላት ግን መጽሔቱ ወደ ሥዕል መጽሐፍነት ወርዷል ብለው በመቃወም ለቀቁ። አንድ የጂኦግራፊ መጽሔት ምን መምሰል አለበት የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ በየትኛው ወገን እንደተፈታ የመጽሔቱ ገጾች ይመሰክራሉ።

ሻይረስ ከ1903 እስከ 1905 የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበር። በ1904 ተሰዳጅ ወፎችን በፌደራል መንግሥት ጥበቃ ሥር የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። የዱር እንስሳ የየግዛቱ ሀብት ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ረቂቁ ወዲያው አልጸደቀም፤ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚበርር ወፍ የማን እንደሆነ ግን ጥያቄው ቀረ። አሳቡ በ1913 ሕግ ሆነ፤ በ1918 ደግሞ ከካናዳ ጋር የተደረገውን ስምምነት በሚያስፈጽመው አዋጅ ጸና።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 ልምዱን በመጽሐፍ እንዲያወጣ በደብዳቤ አጥብቆ ጠይቆት ነበር። ሻይረስ አልቸኮለም። በ1928 ወደ 2,400 የሚጠጉ የመስታወት ኔጋቲቮቹን ለናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ሰጠ፤ ባለ ሁለት ቅጹ መጽሐፉ የታተመው በ1935፣ ሩዝቬልት ካረፈ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። በ1942 በማርኬት ሲሞት 83 ዓመቱ ነበር፤ በሮኪ ተራሮች የሚኖረው ሙስ የተባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘርም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።