የዓሣ ገበያው ልጅ፤ አል ስሚዝና የ1928 ምርጫ

ባለፈው የማኅበራችን የክርክር ምሽት የቀረበው ጥያቄ፥ ሰው ድምፁን ሲሰጥ ሃይማኖቱ ሊመራው ይገባልን ወይስ አይገባም የሚል ነበር። ክርክሩ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ከቆየ በኋላ ሁለቱም ወገን አሸናፊው እኔ ነኝ እያለ ተበተነ። እኛ ግን ወደ መኝታችን ስንሄድ አንድ ነገር ከነከነን። ብዙ ፈላስፎች ተጠሩ፤ ብዙ መርሖዎች ተደረደሩ፤ ይህ ጥያቄ በራሱ ላይ የወደቀበትን ሰው ታሪክ ያነሣ ግን አልነበረም። ስለዚህ በዚህ እትም የአሜሪካዊውን የአል ስሚዝን ሕይወት በአጭሩ ልንተርክላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልፍሬድ ኢማኑኤል ስሚዝ ዲሴምበር 30 ቀን 1873 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፥ በማንሐታን ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ከሚገኘው የድኾች ሰፈር ተወለደ። በዚያን ጊዜ የብሩክሊን ድልድይ ገና በመሠራት ላይ ስለ ነበር ልጁና ድልድዩ አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። አባቱ የጭነት ጋሪ ነጂ ሲሆን ዘሩ ከጣሊያንና ከጀርመን ነው፤ የእናቱ ወገን አየርላንዳዊ ነው። ቤተ ሰቡ አጥባቂ ካቶሊክ ስለ ነበረ አልም በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ጊዜ ቄሱን እያገለገለ አደገ። ዐሥራ ሦስተኛ ዓመቱን ሳይሞላ አባቱ ሞተ። ልጁም ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ያዘ። ኋላም ፉልተን በተባለው የዓሣ ገበያ ተቀጠረ፤ ሥራውም ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ይጀመር ነበር። በኋላ ዘመን በምክር ቤት ውስጥ ባልንጀሮቹ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደ ተመረቁ ሲኩራሩ፥ እሱ የተመረቀው ከፉልተን ዓሣ ገበያ መሆኑን ይነግራቸው ነበር ይባላል። ዲግሪያችንን ገና ተስፋ ለምናደርግ ለእኛ ይህች ቀልድ ትንሽ ሳትቈነጥጠን አላለፈችም።

ወደ ፖለቲካ የገባው ንጹሕ በሆነ በር አልነበረም። ታማኒ ሆል የሚባለው የኒው ዮርክ ዴሞክራቶች ድርጅት ለድኻው ሥራና ማገዶ እየሰጠ ድምፁን የሚሰበስብ፥ በጉቦም ስሙ የጐደፈ ማኅበር ነበር። ስሚዝን ያሳደገው ይኸው ድርጅት ነው። በ1904 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ ወደ ኦልበኒ ሲሄድ፥ የሚቀርቡት ረቂቅ ሕጎች አንዱም አይገባውም ነበር። ነገር ግን ሌሎቹ ለጨዋታና ለመጠጥ ሲወጡ እሱ ክፍሉን ዘግቶ እያንዳንዱን ረቂቅ፥ የበጀቱን ዝርዝር ሳይቀር፥ ሌሊት ሌሊት ያነብ ጀመር። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የግዛቱን አስተዳደር እንደ እሱ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሕይወቱን የለወጠው ግን እሳት ነው። ማርች 25 ቀን 1911 ዓ.ም.፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ትራያንግል በተባለው የሴቶች ሸሚዝ መስፊያ ፋብሪካ ቃጠሎ ተነሣ። ፋብሪካው በአንድ ሕንፃ ስምንተኛ፥ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ፎቅ ላይ ነበር። አንደኛው የመውጫ በር ተቈልፏል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹም መሰላል ከስድስተኛው ፎቅ አያልፍም። በዚያ ቀን 146 ሰዎች ሞቱ። የሚበዙት ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዳውያንና ከጣሊያን የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከመቃጠል ይልቅ ከመስኮት ወደ መንገዱ ዘለሉ። ስሚዝ የሟቾቹን ቤተ ሰቦች ቤት ለቤት እየዞረ ለቅሶ ደረሰ። ከዚያም የፋብሪካዎችን ሁኔታ የሚመረምር ኮሚሲዮን እንዲቋቋም አድርጎ፥ ሮበርት ዋግነር ሊቀ መንበር፥ እሱ ምክትል ሆነው ሥራውን ጀመሩ። ፍራንሲስ ፐርኪንስ የተባለች፥ በኋላ በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር የሆነች ወይዘሮ፥ ኮሚሲዮኑን እየመራች አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት በጣሳ ምግብ ፋብሪካዎች አተር ሲፈለፍሉና ባቄላ ሲቀነጥሱ አሳየቻቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሠላሳ በላይ የሚሆኑ ሕጎች ወጡ። የመውጫ በር እንዳይቈለፍ፥ ሠራተኛው ከእሳት ማምለጥን እንዲለማመድ፥ የሴቶችና የልጆች የሥራ ሰዓት እንዲወሰን ተደነገገ።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር እንጨምራለን፤ ለክርክራችን ዋና ነውና። ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ይረፍ የሚለው ሕግ ሲቀርብ የጣሳ ምግብ ፋብሪካ ባለቤቶች እኛን አይመለከተን ብለው ለመኑ። ስሚዝም ተነሥቶ፥ ሰንበትን አክብር የሚለውን ትእዛዝ በጥንቃቄ እንዳነበበና ከጣሳ ምግብ ፋብሪካ በቀር የሚል ቃል እንዳላገኘበት ተናገረ። እንግዲህ ይህ ሰው ሃይማኖቱን ከምክር ቤቱ ደጃፍ ላይ አውልቆ የሚገባ ሰው አልነበረም። በሕፃንነቱ የተማረው ትእዛዝ እጁን ይዞ ድምፅ እንዲሰጥ አድርጎታል። ሕጉ ግን ለሚያርፈው ሠራተኛ ሁሉ ነበር፤ የማን ምእመን ነህ ብሎ የሚጠይቅ አንቀጽ የለበትም።

በ1918 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ግዛት አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። በ1920 ተሸነፈ፤ በ1922፥ በ1924ና በ1926 ደግሞ አከታትሎ አሸነፈ። አራት ጊዜ የመረጠው ሕዝብ ከየሃይማኖቱ የተውጣጣ ነበር፤ እሱም ከሾማቸው ከፍተኛ ባለ ሥልጣኖች የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በ1920 ዓ.ም. የግዛቱ ምክር ቤት በሕዝብ የተመረጡ አምስት ሶሻሊስቶችን በአሳባቸው ምክንያት ሲያባርር፥ ስሚዝ ሶሻሊዝምን የማይወድ ሆኖ ሳለ ድርጊቱን ተቃወመ። መራጩ የመረጠውን ሰው እምነቱ አይጥመኝም ብሎ መንጠቅ አይገባም ማለቱ ነበር። ይህን በተናገረ በስምንት ዓመቱ ነገሩ ወደ ራሱ ዞረ።

ለምን እንደ ዞረ ለመረዳት የዚያን ዘመን አሜሪካ ማወቅ ያስፈልጋል። ኩ ክላክስ ክላን በሚሊዮን የሚቈጠሩ አባላት አሰልፎ በጥቁሮች፥ በአይሁዶችና በካቶሊኮች ላይ ተነሥቷል። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያሰክር መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ተከልክሏል፤ ይህንም ክልከላ ያመጡት በአብዛኛው የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ስሚዝ ደግሞ ካቶሊክ ነው፥ የክልከላውም ተቃዋሚ ነው። በ1924 ዓ.ም. የዴሞክራቶች ጉባኤ በኒው ዮርክ ተሰብስቦ ክላንን በስሙ ጠርቶ ያውግዝ አያውግዝ ሲከራከር፥ ይውገዝ ያሉት በጣት በሚቈጠር ድምፅ ተሸነፉ። ስሚዝንና ተቃዋሚውን ማክአዱን ማስማማት ስላልተቻለ ድምፅ የተሰጠው 103 ጊዜ ነው፤ በመጨረሻም ሁለቱም ቀርተው ሦስተኛ ሰው ተመረጠ።

በኤፕሪል 1927 ዓ.ም. ቻርልስ ማርሻል የተባለ የሕግ ጠበቃ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ለስሚዝ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አነጋገሩ የጨዋ ነው። ካቶሊክ የሆነ ሰው ለጳጳሱ ያለበት ታማኝነት ለአገሩ ሕገ መንግሥት ካለበት ታማኝነት ጋር ሲጋጭ ማንን ይከተላል የሚል ጥያቄ፥ ከጳጳሳት መልእክቶች በተጠቀሱ ቃላት አስደግፎ አቀረበ። ስሚዝ ሊቅ አልነበረምና መልሱን ሲያዘጋጅ ሁለት ሰዎች ረዱት፤ አንዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከወታደሮች ጋር የዘመቱት አባ ፍራንሲስ ዳፊ፥ ሌላው ጆሴፍ ፕሮስካወር የተባሉ አይሁዳዊ ዳኛ ናቸው። መልሱ በሚቀጥለው ወር ወጣ። ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ለሥልጣን መሐላ ሲምል በሃይማኖቱና በመሐላው መካከል ግጭት አጋጥሞት እንደማያውቅ፥ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፥ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ፈጽመው መለየታቸውን እንደሚያምን ገለጸ። የሕገ መንግሥቱ ስድስተኛ አንቀጽም ለማንኛውም ሹመት የሃይማኖት ፈተና እንዳይደረግ ከከለከለ 140 ዓመት ሊሆነው ነበር። ግን አንቀጹ መንግሥትን እንጂ መራጩን አያስርም፤ የነገሩም ችግር እዚህ ላይ ነው።

በጁን 1928 ዓ.ም. ዴሞክራቶች በቴክሳስ በሂውስተን ከተማ ተሰብስበው ስሚዝን ለፕሬዚዳንትነት አጩ። የሪፑብሊካኖቹ እጩ ኸርበርት ሁቨር ከኩዌከር ወገን ሲሆን በሃይማኖት ምክንያት መጥላላትን በአደባባይ አልተቀበለም። ሌሎቹ ግን አልተዉም። አዲስ የተከፈተውን የሆላንድ የምድር ውስጥ መንገድ ፎቶግራፍ እያሳዩ፥ ይህ ከሮማ ጳጳሱን ማምጫ ነው የሚሉ ነበሩ። ጄምስ ካነን የተባሉ የሜቶዲስት ጳጳስ ደቡቡን ክፍል በስሚዝ ላይ አስነሡ። በሴፕቴምበር ወር አንዲት የመንግሥት ከፍተኛ የሕግ ሹም በኦሃዮ ለተሰበሰቡ የሜቶዲስት ሰባክያን ምእመናኖቻችሁን ለሁቨር አሰልፉ ብላ ንግግር አደረገች። በዚያው ወር ስሚዝ ወደ ኦክላሆማ በባቡር ሲሄድ በሐዲዱ ዳር የክላን መስቀሎች ሲነዱ አየ። ኦክላሆማ ከተማ ሲደርስም ስለ ሃይማኖቱ ፊት ለፊት ተናገረ፤ ካቶሊክ ስለ ሆነ ብቻ የሚመርጠው ካቶሊክ ካለም እንዳይመርጠው አስታወቀ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ልንል እንወዳለን። በደቡብ የምትኖር አንዲት የሜቶዲስት እናት አለች እንበል። ባልዋ ደመወዙን በመጠጥ ሲጨርስ ኖሯል፤ ቤተ ክርስቲያንዋም መጠጥ ኀጢአት ነው ብላ አስተምራታለች፤ ክልከላው ሲመጣ ልጆችዋ እንጀራ አገኙ። ይህች ሴት ክልከላው ይላላ የሚለውን ስሚዝን ባትመርጥ በደለች ልንል አንችልም። እምነትዋን ይዛ ሕጉን መዘነች፤ ስሚዝም ሰንበትን ጠቅሶ ስለ ዕረፍት ቀን ሲከራከር ያደረገው ይህንኑ ነው። ጐረቤትዋ ደግሞ ስለ መጠጡም ስለ ፋብሪካውም ሳያስብ፥ ካቶሊክ ነውና አልመርጠውም አለ። የመጀመሪያዋ የጠየቀችው ሰውየው ምን እንደሚሠራ ነው፤ ለዚህ ክርክርም መልስም ይቻላል። ሁለተኛው የጠየቀው ሰውየው ማን እንደ ሆነ ነው፤ ለዚህ ግን ስሚዝ የጻፈው ደብዳቤም ሆነ አራት ጊዜ አገረ ገዥ ሆኖ የሠራው ሥራ አልጠቀመውም። የሚያሳዝነው፥ ሁለቱ አሳቦች በአንድ ስብከት ውስጥ ተቀላቅለው ሲነገሩ ሰሚው አንዱን ከሌላው ለይቶ ለማውጣት መቸገሩ ነው።

ኖቬምበር 6 ቀን ሁቨር 21 ሚሊዮን፥ ስሚዝ 15 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አገኙ፤ በግዛቶች መራጮች ቍጥር 444 ለ87 ሆነ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከዴሞክራቶች ያልተለዩት ቴክሳስ፥ ፍሎሪዳ፥ ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና ከዱት። አራት ጊዜ የመረጠችው ኒው ዮርክ እንኳ በ100,000 ያህል ድምፅ ነፈገችው፤ በዚያው ቀን ግን ወዳጁን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አገረ ገዥ አድርጋ መረጠች። እውነት ነው፥ ያን ጊዜ አገሩ በብልጽግና ላይ ስለ ነበር ማንም ዴሞክራት ቢወዳደር የሚያሸንፍ አይመስልም። የታማኒ ስምና የመጠጡ ጉዳይም አለበት። ይሁን እንጂ አላን ሊክትማን የተባሉ የታሪክ ምሁር በ1979 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ የድምፁን ቍጥር በየአውራጃው መርምረው፥ መራጩን ከሁሉ ይልቅ የከፈለው በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መካከል ያለው ልዩነት መሆኑን አሳይተዋል።

ደግሞ እውነቱን እንናገር። ስሚዝ ካሸነፈባቸው ጥቂት ግዛቶች ሁለቱ ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካቶሊኮች የበዙባቸው ናቸው። ከእነዚያ መራጮች ብዙዎቹ በኦክላሆማ የተናገረውን አልሰሙትም፤ የመረጡት የእኛ ነው ብለው ነው። ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ በዚህ ላይ እኛው ሳንስማማ ቀርተናል። አንዳንዶቻችን፥ ለብዙ ዘመን በሩ የተዘጋበት ሰው ከመካከሉ አንዱ ሲገባ ቢደሰት በሩን ከሚዘጋው ጋር አይወዳደርም እንላለን። ሌሎቻችን፥ ስሚዝ መጥፎ አገረ ገዥ ቢሆንም ኖሮ እነዚያ ሰዎች ይመርጡት ነበርና ልዩነቱ አይታየንም እንላለን። ባለፈው የማኅበራችን ምርጫ ከእኛ መካከል የተወዳዳሪውን ንግግር ሳያዳምጥ፥ ስሙን ከነአባቱ ስም ብቻ ሰምቶ የመረጠ እንደ ነበረ ስለምናውቅ በቦስተን ሰዎች ላይ ለመፍረድ አልደፈርንም።

ስሚዝ ከዚያ በኋላ ለሕዝብ ሥልጣን አልተመረጠም። 102 ፎቅ ያለውን የኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ያሠራው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሕንፃው ሜይ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1932 ዓ.ም. እንደ ገና ለመታጨት ቢሞክር ሩዝቬልት ቀደመው። ቅር አለው፤ ቅሬታውም አሳቡን አጣመመው እንላለን፤ በ1936 ዓ.ም. የቀድሞ ወዳጁን ተቃውሞ ከሀብታሞቹ ጋር ተሰልፏልና። የሩዝቬልት የሠራተኛ ሚኒስትር ግን ያችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ ነበረች፤ ብዙውን የተማረችውም ከእሱ ጋር በሠራችባቸው በእነዚያ ዓመታት ነው። ስሚዝ ባለቤቱ ከሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ ኦክቶበር 4 ቀን 1944 ዓ.ም. በሰባ ዓመቱ ዐረፈ።

በሴፕቴምበር 1960 ዓ.ም. ጆን ኬነዲ የተባለ ሌላ ካቶሊክ እጩ፥ ስሚዝ በታጨባት በዚያችው በሂውስተን ከተማ፥ ለተሰበሰቡ የፕሮቴስታንት ሰባክያን ስለ ሃይማኖቱ ንግግር አደረገ። በሁለት ወር ውስጥም ተመረጠ። ንግግሩን ስሚዝ በ1927 ዓ.ም. ለማርሻል ከሰጠው መልስ ጋር ያስተያየ ሰው፥ ዋና ዋናው አሳብ ከ33 ዓመት በፊት በዓሣ ገበያው ልጅ የተጻፈ ሆኖ ያገኘዋል።