የፅንስን አፈጣጠር የመረመረ ሊቅ፤ የካስፓር ፍሪድሪክ ቮልፍ ታሪክ

በቡታጅራ አገር ዶሮ ያስታቀፈች እመቤት ጫጩቱ በ21 ቀን ቅርፊቱን ሰብሮ እንደሚወጣ አስቀድማ ታውቃለች። ነገር ግን በእነዚያ ቀኖች በዕንቁላሉ ውስጥ የሚደረገው ነገር ለዓለም ሊቃውንት እንኳ ብዙ ዘመን ተሰውሮ የኖረ ምስጢር ነበር። ይህን ምስጢር ለመግለጥ ከደከሙት ቀዳሚዎች አንዱ ካስፓር ፍሪድሪክ ቮልፍ ነው።

ቮልፍ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1734 ዓ.ም. በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ከልብስ ሰፊ ቤት ተወለደ። የሕክምናን ትምህርት በበርሊን ጀምሮ በሃሌ ፈጸመ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሊቃውንት እንስሳ ኹሉ ከመጀመሪያው አካሉ ተሟልቶ፥ ነገር ግን እጅግ አንሶ እንደሚገኝ፥ ማደጉም መተለቅ ብቻ እንደ ኾነ ያስተምሩ ነበር። ቮልፍ ግን የታቀፈ ዕንቁላል በየጊዜው እየከፈተ በማይክሮስኮፕ ቢመረምር፥ በመጀመሪያ ልብም የደም ሥርም እንደሌለ፥ ብልቶችም በየተራ እንደሚሠሩ ተመለከተ። ይህንንም በ1759 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለ ለዶክተርነት ማዕርግ በላቲን ቋንቋ ባቀረበው መጽሐፍ ገለጠ።

ስመ ጥሩው የስዊስ ሊቅ አልብሬክት ፎን ሃለር ግን ነገሩን አልተቀበለውም። ብልቶቹ አስቀድመው እንዳሉ፥ የማይታዩትም እጅግ ጥቃቅንና ብርሃን የሚያሳልፉ ስለ ኾኑ እንደ ኾነ ተከራከረ። ከዚህም በላይ ይህ ትምህርት ሃይማኖትን እንዳይጎዳ ሠጋ። ቮልፍም አካል በተፈጥሮ ኀይል ቢሠራ እግዚአብሔርን የሚያስክድ ነገር እንደማይገኝበት በአክብሮት መለሰለት።

የሰባቱ ዓመት ጦርነት በኾነ ጊዜ ቮልፍ በጦር ሐኪምነት አገለገለ፤ በብሬስላው ሆስፒታልም የሰውነትን አካል ትምህርት አስተማረ። ከሰላም በኋላ በበርሊን ለማስተማር ቢፈልግ ባለ ወንበሮቹ መምህራን ተቃወሙት። ስለዚህ በ1767 ዓ.ም. በንግሥት ካትሪን ዳግማዊት ዘመነ መንግሥት በሴንት ፒተርስቡርግ ወዳለው የመስኮብ የሳይንስ አካዳሚ ተጠርቶ ሄደ። በዚያም ባሳተመው ሥራ የጫጩት አንጀት በመጀመሪያ እንደ ቅጠል የተዘረጋ ስስ ሽፋን ኾኖ፥ ኋላ ታጥፎ ቱቦ እንደሚኾን አስረዳ። ይህም ለሃለር ክርክር ዋና መልስ ነበረ፤ ዝርግ የነበረው ታጥፎ ቱቦ ከኾነ፥ ቱቦው ከጥንት ተሰውሮ ይኖር ነበር ማለት አይቻልምና።

ቮልፍ በ1794 ዓ.ም. በዚያው በሰው አገር ዐረፈ። ስለ አንጀት የጻፈውም ሥራ ዮሐን ፍሪድሪክ መከል በ1812 ዓ.ም. ወደ ጀርመንኛ እስኪመልሰው ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ብዙ አንባቢ ሳያገኝ ቆየ። ከዚህ በኋላ ክርስቲያን ፓንደር በ1817 ዓ.ም. የጫጩትን ፅንስ ንብርብር ሽፋኖች ገለጠ፤ ካርል ኤርንስት ፎን ቤርም በ1827 ዓ.ም. የአጥቢ እንስሳትን ዕንቁላል አገኘ። ቮልፍ ብልቶችን ስለሚሠራው ኀይል የሰጠው ማብራሪያ አልጸናም፤ በዐይኑ አይቶ የመሰከረው ግን ጸና። በፅንስ ጊዜ የሚታየውም ቀዳሚ ኩላሊት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ታላላቆችን ማክበር ተገቢ ነው። ነገር ግን በወንበር ተቀምጦ ፍርድ የሚሰጥ ሰው የተናጋሪውን ዕድሜና ማዕርግ ብቻ ሳይኾን ያመጣውን ማስረጃ ሊመረምር ይገባዋል። በርሊን ለልጇ አንድ የማስተማሪያ ወንበር በመንፈጓ የድካሙን ፍሬ ሌላ አገር ሰበሰበው።